የአራት ቁጥር ጀልባ የግራ ቱቦ

ወደ ጀልባ ጥገና ወርክሾፑ የገባሁት በጽዳት ሠራተኛነት ነው። በመጀመሪያው ቀን መጥረጊያ ይሰጡኛል ብዬ ቆሜ ስጠብቅ፣ ዋናው መካኒክ ጋሽ በላይነህ ናፍጣ ያለበት ሳፋና አንድ ቆርቆሮ ሙሉ ብሎን አምጥተው ፊቴ አስቀመጡ። እጠቢ፣ አድርቂ፣ መልሽልኝ ብለው ወደ ሥራቸው ሄዱ።

ብሎኖቹ ከተፈታ ፓምፕ የወጡ ነበሩ። አንድ ቢጠፋ ከኔ ራስ አይወርድም ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ ሳላጥብ ቆጠርኋቸው። ካጠብሁ በኋላ ረጅሙን ከረጅሙ፣ አጭሩን ካጭሩ ካርቶን ላይ ደረደርሁ። አንደኛው ጥርሱ ተበልቶ ስለነበር ለብቻው አስቀመጥሁት። ጋሽ በላይነህ ተመልሰው ሲያዩት ጥርሱ የተበላውን ብሎን አነሱ።

«ማን አስተማረሽ?»

«ማንም። እንዳይጠፋብኝ ፈርቼ ነው።»

«ፈሪ ነሽ?»

«አዎ» አልኋቸው።

«ነገ በጊዜ ነይ» አሉኝ።

ያን ጊዜ ልጄ ትዕግሥት የሁለት ዓመት ልጅ ነበረች። አባቷ ከሞተ ዓመት አልሞላውም። ግሽ አባይ ሰፈር ከተከራየናት ክፍል ለጎረቤት ትቻት ነበር የመጣሁት፤ ቀኑን ሙሉ ብሎን እያጠብሁ የማስበው ምን በላች፣ ደረጃ ላይ ወጣች ወይ እያልሁ ነው። ትምህርቴ እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ማንበብ ደህና ነኝ፤ ስጽፍ ግን እዘገያለሁ።

መጀመሪያ ዕቃ አጣቢ፣ ቀጥሎ መሣሪያ አቀባይ፣ ከዚያ ረዳት መካኒክ ሆንሁ። ጋሽ በላይነህ የብሎን መፍቻውን ካቻቢቴ ከማስያዛቸው በፊት ያስተማሩኝ እጅ ማስጠጋትን ነው። «ብረቱን አትንኪ፤ አስጠጊ። ቆዳሽ ሳይነካ ያውቀዋል» ይሉ ነበር። አሁን የሙቀት መለኪያ አለን፤ በኮሮና ጊዜ በየበሩ ግንባራችን ላይ ይደቅኑት የነበረው ዓይነት ነው፣ የኛው ግን ለብረት የተሠራ። እኔ ዛሬም መጀመሪያ እጄን አስጠጋለሁ፣ መለኪያው ከዚያ ይከተላል።

መካኒክ የሚል ወረቀት የተሰጠኝ ትዕግሥት ስምንተኛ ክፍል ስትገባ ነው። ብዙም ሳይቆይ ጋሽ በላይነህ ጡረታ ወጥተው አገራቸው አንበሳሜ ገቡ። የሳቸውን ቦታ አንድ ሰው አልያዘውም፤ ሥራቸው ለሦስት ተከፈለ። ለኔ የደረሰኝ ማቀዝቀዣና ጭስ ማውጫ ነው። ማንም የማይፈልገው ሥራ ነው። ከወለል በታች ተጎንብሶ፣ አንገት ተቀብሮ፣ ጥላሸት እየተዋጠ የሚሠራ ነው። ወንዶቹ ሞተር ከፍተው ፒስተን ሲያወጡ ሰው ቆሞ ያያቸዋል። እኔን የሚያየኝ አልነበረም፤ የሚታየው እግሬ ብቻ ነው።

ለማያውቅ ሰው ሥራውን ላስረዳ። የመኪና ጭስ ማውጫ ነፋስ ያቀዘቅዘዋል። የጀልባ ሞተር ግን ከወለሉ ሥር ታፍኖ የተቀመጠ ነው። ስለዚህ ፓምፑ ከሐይቁ ውሃ ይስባል፤ ውሃው ሞተሩን ካቀዘቀዘ በኋላ መጨረሻ ላይ ጭሱ ውስጥ ይረጫል። ጭስና ውሃ የሚገናኙበትን የብረት ክርን ጎሚቶ እንለዋለን። ከጎሚቶው ቀጥሎ እስከ ጀልባዋ ኋላ ድረስ ያለው የጎማ ቱቦ ነው። ውሃ ካለ ቱቦው ለብ ይላል። ውሃ ካነሰ ጎማው ይቃጠላል። ጎማው ከተቃጠለ በኋላ የሚመጣውን መናገር አልወድም፤ የናፍጣው ታንከር ከዚያው አጠገብ ነው፣ ሰው የተቀመጠው ከላይ ነው።

የአራት ቁጥር ጀልባ ሞተር ስምንት ሲሊንደር ነው፤ አራቱ በግራ፣ አራቱ በቀኝ። ስለዚህ ጭስ ማውጫውም ሁለት ነው። ፓምፑ ግን አንድ ነው። ከፓምፑ የመጣው ውሃ ቲ በምንለው መገጣጠሚያ ላይ ለሁለት ተከፍሎ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ጎሚቶ ይሄዳል። እኩል መሄድ አለበት።

እኩል አልሄደም። ሦስት ሳምንት ያንገበገበኝ ይኸው ነው።

አራት ቁጥር በደቅ ደሴት መስመር የምትሠራ ጀልባ ናት። ልጄ ትዕግሥት ደግሞ ጤና ባለሙያ ሆና ደቅ ተመድባለች። ሰኞ ጠዋት በአራት ቁጥር ትሄዳለች፣ ዓርብ በአራት ቁጥር ትመለሳለች። ጠዋት ሐይቁ ላይ ስለሚበርዳት የምትቀመጠው ከሞተሩ ክዳን አጠገብ ነው። ይህን ካወቅሁ ጀምሮ የአራት ቁጥርን ሞተር እንደሌላው ሞተር አይቼው አላውቅም።

ነገሩ የተጀመረው አንድ ቅዳሜ ነው። የጀልባዋ ነጂ ካፒቴን እንድሪስ መጣ። እንድሪስ ከሐይቁ ዳር ጀልባ ሠሪ ቤተሰብ የተወለደ፣ ከመራመዱ በፊት መቅዘፍ የቻለ የሚመስል ሰው ነው። ከኔ ጋር እኩያ ስለሆንን ንግግራችን ሁሌም ግማሹ ቀልድ፣ ግማሹ ንትርክ ነው።

«እት ሙሉ፣ ጎማ ጎማ ይሸተኛል» አለኝ።

«ከግራ ነው ከቀኝ?»

«ሽታ ግራና ቀኝ አለው እንዴ?»

ክዳኑን ከፈትሁ። የቀኙ ቱቦ ጥቁር ነው፤ እንደተገጠመበት ቀን። የግራው ግን ከጎሚቶው ቀጥሎ ባለው ክፍል ጀርባው አመድ መስሏል፤ በአውራ ጣቴ ስጫነው ይሰረጉዳል። ከታች በኩል ደህና ነበር። ይህ የሚሆነው ውሃው ሲያንስ ነው፤ ያለችው ትንሽ ውሃ ከታች ትሄዳለች፣ ከላይ ያለው ጎማ በደረቅ ጭስ ይጠበሳል።

ሞተሩን ወደቡ ላይ አስነስተን ግማሽ ሰዓት አቆየነው። እጄን አስጠጋሁ። ግራም ለብ፣ ቀኝም ለብ። መለኪያው ሁለቱንም አርባ ምናምን ዲግሪ አለ። የተበላሸውን ቱቦ በአዲስ ቀየርሁና ቱቦውን የሚያስረውን ቀለበት፣ ፋሸታውን፣ አጥብቄ ዘጋሁ። መቀየሬ ትክክል ነው፤ ምክንያቱን ሳላገኝ መዝጋቴ ግን ልክ አልነበረም። እያወቅሁ ዘጋሁት፤ ጀልባዋ ሰኞ ደቅ መሄድ ነበረባት።

ዓርብ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ትዕግሥት ስትመለስ ወደቡ ላይ ጠበቅኋት። ጉዞው እንዴት ነበር አልኋት። ጥሩ ነበር አለች። ከዚያ እየሳቀች፣ በግራ በኩል ያለው ወለል እንደሚሞቅ፣ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ስታሞቅ እንደመጣች፣ አጠገቧ የነበሩት ሴትዮም እንዳዩዋት እሳቸውም እንዳወለቁ ነገረችኝ።

እኔ ያሰብሁት ከወለሉ ሥር ያለውን የግራ ቱቦ ነው። እሷ ተመችቷታል።

ሌላ ቦታ ተቀመጪ አልኋት። ለምን አለች። ዝም ብለሽ ተቀመጪ አልኋት። እናት ስትሆኑ ምክንያት ማስረዳት የማትችሉበት ጊዜ አለ፤ ብነግራት ሰኞ ፈርታ ትሳፈራለች፣ ካልነገርኋት እግሯን ታሞቃለች።

በማግሥቱ ፓምፑን አወረድሁ። የፓምፑ ሆድ ውስጥ ክንፍ ያለው ጎማ አለ፤ ውሃውን የሚገፋው እሱ ነው። አንድ ክንፍ ከተቆረጠ ውሃው ያንሳል፤ የተቆረጠው ቁራጭም ሄዶ የሆነ ቦታ ይወተፋል። ስለዚህ መቁጠር ግዴታ ነው። ቆጠርሁ፣ ሙሉ ነው። ደግሜ ቆጠርሁ፣ ያው ሙሉ ነው። ቢሆንም አዲስ ጎማና ውሃ እንዳያፈስ የሚደረገውን ጓርኒሲዮን አዲስ አስገባሁ። በሳምንቱ መሀል ጀልባዋ ዘጌ ደርሳ ስትመለስ መለኪያዬን ይዤ ወደቡ ላይ ቆሜ ነበር። ክዳኑን እንደከፈትሁ ደቀንሁት። ግራ ሰማንያ ስድስት፣ ቀኝ አርባ ሁለት።

ማጣሪያውን አልከፈትሁም። በኛ ቤት ማጣሪያ የካፒቴኑ ነው። ከሐይቁ የሚገባው ውሃ መጀመሪያ የሚያልፍበት ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው የብረት ቅርጫት ነው፤ ካፒቴኑ በየማለዳው ከመነሳቱ በፊት ይከፍተዋል፣ የእንቦጩን ሥር ይለቅማል፣ አጥቦ ይመልሳል። የወርክሾፕ ሰው ማጣሪያ ከከፈተ ካፒቴኑን አላመንሁህም እንደማለት ነው፤ ለሳምንት ያኮርፋል። ስለዚህ እንድሪስን ጠየቅሁት። ንጹህ ነው አለ። ደብተሬ ላይ ማጣሪያ ንጹህ ብዬ ጻፍሁና ተሻገርሁት።

ቀጥሎ ጎሚቶዎቹን ፈታሁ። የግራው ውስጡ ዝገትና ጭቃ ነበረው፤ ውሃው የሚረጭባቸውን ቀዳዳዎች አንድ በአንድ በሽቦ ጠረግሁ። ከዚያ ጋሽ በላይነህ ያስተማሩኝን አደረግሁ፤ የግራውን ወደ ቀኝ፣ የቀኙን ወደ ግራ ገጠምሁ። ጥፋቱ ጎሚቶው ላይ ከሆነ ሙቀቱ አብሮት ወደ ቀኝ ይሄዳል። ጀልባዋ ሄዳ ተመለሰች። ሙቀቱ ግራ ላይ እንዳለ ነው። ቱቦዎቹን አቀያየርሁ፤ ያው ግራ። በሁለት ቀን ውስጥ አንድ የጭስ ማውጫ ሦስት ጊዜ ፈትቶ መግጠም ምን ማለት እንደሆነ የሠራ ያውቀዋል። ክርኔ ተልጦ፣ ፀጉሬ በሻሽ ውስጥ ጥላሸት ጠጥቶ፣ ወደብ ላይ ስትነሳ ደግሞ ጀልባዋ እንደ ሙሽራ ቀዝቀዝ ብላ ትቀመጣለች።

ወደ ወርክሾፑ ኃላፊ ወደ አቶ ጥላሁን ሄድሁ። በዕድሜ ከኔ ያንሳሉ፤ የተማሩ፣ ሰው የማያንጓጥጡ፣ ግን ወረቀት ላይ ያልሰፈረ ነገር የማይገባቸው ናቸው። ጀልባዋ ትቁም አልኋቸው።

«ወይዘሮ ሙሉ፣ እዚህ ስትነሳ ትሞቃለች?»

«አትሞቅም።»

«ታዲያ በምን ምክንያት ነው የማቆማት? ደቅ ያለው ሰው በምን ይምጣ?»

እሳቸው እስክሪብቷቸውን እያዩ ቀስ ብለው ጨመሩበት፤ «ልጅዎ ባትሳፈር ኖሮ ይህን ያህል ይጨነቁ ነበር?»

ያናደደኝ እውነት መሆኑ ነው።

«አልጨነቅም ነበር» አልኋቸው። «ቱቦው ግን ይሞቅ ነበር።»

ጀልባዋን አላቆሙም። ተሳፋሪ በግራ በኩል እንዳይቀመጥ ብቻ አዘዙ። ሰው በአንድ በኩል ሲቀመጥ ጀልባ እንደሚያጋድል ለሳቸው ማስረዳት ሌላ ጭቅጭቅ ስለሆነ ተውሁት።

ከዚያ አሁን የማፍርበትን አደረግሁ። ሙቀቱ የሚመጣው ጉዞ ላይ ብቻ ከሆነ፣ ጉዞ ላይ ያለው እንድሪስ ነው አልሁ። እንድሪስ ጋዝ ይወዳል። ከቀትር በኋላ ሐይቁ ሳይናወጥ ልድረስ እያለ ይጋልባታል። ለአቶ ጥላሁን ሞተሩን የሚያስጨንቀው ካፒቴኑ ነው ብዬ ተናገርሁ። ይህን ጊዜ ገባቸው፤ ሰው መቀየር ወረቀት ላይ ይሠፍራል። እንድሪስን ከደቅ አንስተው ሰው ከከተማው ዳር ዳር የሚያንሸራሽር ትንሽ ጀልባ ላይ መደቡት። ሃያ ዓመት የሠራበትን መስመር በአንድ ቀን ነጠቁት።

በአራት ቁጥር ላይ ሌላ ነጂ ወጣ፤ ቀስ ብሎ የሚነዳ፣ ጠንቃቃ። ደርሶ መልስ ሄዶ መጣ። ግራ ሰማንያ አንድ፣ ቀኝ አርባ።

እንድሪስ ወደቡ ላይ አገኘኝ። ሰላም አለኝ፤ እኔም መለስሁ። ከዚያ፣ «እት ሙሉ፣ የኔን ስም ከጎማው ጋር አቃጠልሽው አይደል?» አለኝና አለፈ። ብቆጣው ይሻለኝ ነበር። የምቆጣበት አጣሁ።

በዚያው ቀን አንበሳሜ ለጋሽ በላይነህ ደወልሁ። እርጅናው ጆሯቸውን ስለያዘው እየጮህሁ ነው የማወራቸው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኋቸው። እሳቸው የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወደቡ ላይ ስታስነሺ ማርሽ ታስገቢያለሽ ወይ አሉኝ። አላስገባም አልሁ።

«እንግዲያ የምታዪው የተኛ ሞተር ነው። ጀልባዋን ከኋላም ከፊትም በወፍራም ገመድ እሰሪ። ማርሽ አስገቢና ጋዝ ስጭ። ቆማ ትጋልብ። ከዚያ ውሃውን ቁጠሪ እንጂ ሙቀቱን አትከተይ።»

ውሃውን ቁጠሪ። ሦስት ሳምንት የማባርረው የውሃውን ጥፋት ሳይሆን የውሃውን ጥፋት ጥላ ነበር።

ለዚህ ሥራ ሞተሩን በደንብ የሚያውቅ ነጂ ያስፈልገኛል። ወደ እንድሪስ ሄጄ እርዳኝ አልሁት። ወዲያው ጫማውን አውልቆ ወደ ጀልባዋ ገባ። እሱ እንዲህ ነው።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ጀልባዋን ከወደቡ ብረት ጋር በአራት ገመድ አሰርናት። ውሃውን ወደ ጎሚቶ የሚወስዱትን ሁለቱን ቀጭን ቱቦዎች ነቅዬ እያንዳንዱን ባልዲ ውስጥ ከተትሁ። ይህ ሲሆን ጭስ ማውጫው ያለ ውሃ ስለሚሠራ ከሃያ ቆጠራ በላይ ማቆየት አይቻልም፤ ጮክ ብዬ እቆጥራለሁ፣ ሃያ ስል እንድሪስ ያጠፋል። መጀመሪያ ያለ ማርሽ፣ በቀስታ። ሃያ። ሁለቱ ባልዲዎች እኩል ናቸው፤ በጠመኔ ምልክት አደረግሁ። ትንሽ አቀዝቅዘን ደገምነው። ያው እኩል።

«አሁን ማርሽ» አልሁት።

ጀልባዋ ገመዱን ወጥራ ተንቀጠቀጠች፣ ከኋላዋ ውሃው ቡናማ ሆኖ ተገለበጠ። አንድ፣ ሁለት እያልሁ የቀኙ ቱቦ በኃይል ይተፋል። የግራው አምስት እስክል አብሮት ተፋ። ስድስት ላይ ቀጠነ። አሥር ላይ የሻይ ጀበና አፍ የሚያህል ሆነ። አሥራ አምስት ላይ ክር ሆነ።

እንድሪስ አንገቱን አስግጎ አየ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ጥፋቱን በዓይኔ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ሞተሩ ጠፋ። ጥፋቱ ውሃው ከሚከፈልበት ከቲው ላይ ነው ማለት ነው። ብሎኖቹን ፈትቼ ቲውን አወጣሁ። በስልኬ መብራት ወደ ግራ አፉ አየሁ፤ ባዶ። ወደ ቀኝ፤ ባዶ። ጣቴን አስገባሁ፤ ምንም። ቲውን ወለሉ ላይ ወርውሬ ሐይቁ ውስጥ ልገባ ምንም አልቀረኝም። ቅድም ዓይኔ እያየ የዘጋው ነገር አሁን የለም።

እንድሪስ ነው ያሰበው። ሞተሩ ሲጠፋ ውሃው ይቆማል፣ የሚገፋው ከሌለ የዘጋው ነገር ወደ ታች ይወርዳል አለኝ። ከቲው በታች ከፓምፑ የሚመጣ ክንድ የሚያህል ቱቦ አለ። የቧንቧ ውሃ በላይኛው አፉ ለቅቀን፣ ፓምፑ ላይ ያለውን ጫፍ ፈትተን ወደ ታች አጠብነው። መጀመሪያ ጥቁር ጭቃ መጣ። ቀጥሎ የእንቦጭ ሥር፣ ፀጉር የመሰለ። ከዚያ መዳፍ የሚያህል ጨርቅ ተጣጥፎ ወደቀ።

አነሳሁት። አጠብሁት። ዘረጋሁት። ሰማያዊ አጎበር ነው።

በዝግታ ሲሆን ቱቦው ውስጥ ተንጠልጥሎ ይቀመጣል። ጋዝ ሲሰጥ ውሃው ወደ ላይ ይወስደውና የግራውን አፍ እንደ ክዳን ይለጠፍበታል። ሲጠፋ ተመልሶ ይወርዳል። ለዚህ ነው ወደብ ላይ ጤነኛ፣ ሐይቅ ላይ በሽተኛ የነበረችው።

«ይኸ ከየት መጣ?» አለ እንድሪስ፤ ግን እንደማያውቅ ሰው አልነበረም ያለው።

እኔ ከየት እንደመጣ አውቅ ነበር። ጫፉ ላይ የናይሎን ክር ስፌት ነበረበት፤ ስፌቱ የኔ ነው።

ከዚያ ሦስት ወር አስቀድሞ እንቦጭ የጀልባዋን ውሃ ዘግቶባት ሐይቁ መሀል ቆማ ነበር። ትዕግሥት በውስጧ ነበረች። ሌላ ጀልባ ጎትቶ እስኪያመጣቸው ወደቡ ላይ ቆሜ ያሳለፍሁትን ሰዓት ለማንም አልነገርሁም። የእንቦጭ ሥር ቀጭን ስለሆነ በማጣሪያው ቀዳዳ ያልፋል። ስለዚህ በማግሥቱ እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ወደቡ ላይ ሰው ሳይኖር ከቤቴ አሮጌ አጎበር ቆርጬ መጣሁ። የማጣሪያውን ቅርጫት አውጥቼ ውሃው ወደ ፓምፑ በሚወጣበት በውጭ በኩል ዙሪያውን ጠቀለልሁት፣ ሰፋሁት፣ መለስሁት። ለማንም አልተናገርሁም። ሞተር ላይ ያልነበረ ነገር ለመጨመር አቶ ጥላሁን መፈረም አለባቸው፤ ለምን ብለው ይጠይቁኛል፣ ስለ ልጄ ማውራት ሊኖርብኝ ነው። ከዚያ በኋላ ጀልባዋ አንድም ቀን አልቆመችም። ደስ ብሎኝ ነበር። ስለዚህም በሦስቱ ሳምንት ሁሉን ስጠረጥር አጎበሩን አንድ ጊዜ እንኳ አልጠረጠርሁትም። እሱ ጠባቂ ነበር በኔ ቤት።

ይህን ሁሉ እዚያው ወለሉ ላይ ተቀምጬ ለእንድሪስ ነገርሁት። ይሳደባል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን ጭንቅላቱን ያካል።

«እኔ ደግሞ ወርክሾፑ አዝዞ ያሰረው መስሎኝ በየጠዋቱ ከነአጎበሩ አጥበው ነበር» አለ። «አንድ ቀን ስከፍተው ግማሹ የለም። የወርክሾፑን ዕቃ ቀደድህ እንዳትሉኝ የቀረውን ቆርጬ ጣልሁት።»

«የጎደለው ግማሽ የት ሄደ አላልህም?»

«ካንቺ ዘንድ ያለ መስሎኝ።»

ለሳቅም ለልቅሶም አልተመቸኝም። እኔ ስለ ማጣሪያው ስጠይቀው ንጹህ ነው ያለኝ እውነቱን ነው፤ ንጹህ ነበር። አልዋሸኝም። ያልጠየቅሁትን አልነገረኝም፤ እኔም ያልጠየቀኝን አልነገርሁትም።

ቁራጩን እንደረጠበ ይዤ አቶ ጥላሁን ቢሮ ገባሁ። እንድሪስ አንዴ አልፏል፣ ግድ የለም፣ አትናገሪ ብሎኝ ነበር፤ ፓምፑ ነው በይ አለኝ። ፓምፑ ነው ብል እሱ ትንሿ ጀልባ ላይ ይቀራል። አጎበሩን ጠረጴዛቸው ጥግ ላይ አስቀመጥሁና፣ ማን እንዳሰረው፣ መቼ እንዳሰረው፣ ለምን እንዳሰረው ተናገርሁ። ካፒቴኑ ጥፋት እንደሌለበትም ጨመርሁ።

አቶ ጥላሁን ጨርቁን በእስክሪብቶ ጫፍ ገለበጡት።

«ሦስት ሳምንት ቁም ስቅሌን ያሳዩኝ ለዚህ ነው?»

«አዎ።»

«ጀልባዋ ትቁም እያሉ እዚህ ቆመው የተከራከሩኝ እርስዎ ነዎት። ባቆማት ኖሮ የራስዎን ጨርቅ ፍለጋ ነበር የማቆማት?»

የሥራ መዝገቡን ከመደርደሪያ አውርደው ከፊቴ ዘረጉት። በራስዎ እጅ ይጻፉት አሉኝ። እሳቸው ቆመው፣ እኔ ተቀምጬ፣ ፊደል በፊደል ጻፍሁ፤ የማጣሪያ ቅርጫት ላይ አጎበር ታስሮ ነበር፣ ያሰርሁት እኔ ነኝ፣ ሳላስፈቅድ ነው። አራት መስመር ለመጻፍ ያን ያህል ላብ አልቦኝ አያውቅም። ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፤ ይገባኛል። እንድሪስ በዚያው ወረቀት ወደ ደቅ ተመለሰ።

የዚያኑ ዕለት ቅዳሜ ከሰዓት ሁሉን ገጥመን ጀልባዋን እንደገና በገመድ አሰርናት። ማርሽ፣ ጋዝ፣ ሃያ ቆጠራ። ባልዲዎቹ እኩል ሞሉ። አሁን አምኛለሁ አልሁ፤ ግን አላመንሁም። ሰኞ አቶ ጥላሁንን አስፈቅጄ እኔም ተሳፈርሁ። መለኪያዬን ይዤ ከሞተሩ ክዳን አጠገብ፣ በግራ በኩል፣ ከልጄ ጎን ተቀመጥሁ።

ዘጌን ስናልፍ ነገርኋት። የሞቀው ወለል ምን እንደነበር፣ ማን እንዳደረገው። ትዕግሥት አፏን ይዛ አየችኝ።

«እማዬ» አለች፤ «እኔ ደቅ ላይ ቀኑን ሙሉ አጎበር ለአሣ ማጥመጃ አታድርጉ፣ ለአልጋ ነው እያልሁ ነው የምዞረው። ቤቴ ውስጥ ያለችውን ማን ይቆጣልኝ?»

እንድሪስ ከመሪው ሆኖ ሰምቶ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። ሳቃቸው እስኪያልቅ ጠበቅሁና ክዳኑን ከፈትሁ። እጄን አስጠጋሁ። ግራ ለብ፣ ቀኝ ለብ። መለኪያውን ደቀንሁ። ግራ አርባ አንድ፣ ቀኝ አርባ አንድ። ደቅ እስክንደርስ አምስት ጊዜ ከፈትሁ፤ አምስቱንም ጊዜ ደብተሬ ላይ ጻፍሁ። ትዕግሥት በሦስተኛው ላይ ወለሉ አሁን በጣም ይቀዘቅዛል ብላ ተማረረች።

ወደ ሥራው አሁን ለምትገቡት የምለው ይኸው ነው። ሞተር ላይ ያልነበረ ነገር ከጨመራችሁ በዚያው ቀን መዝገብ ላይ ጻፉት። ጥፋት ስትፈልጉ ደግሞ ፓምፑንም ጎሚቶውንም ከመፍታታችሁ በፊት ራሳችሁ የጨመራችሁትን ፈትሹ።